እማዋይሽ የገዛቻቸው ስሞች

አንዳንድ አባባል አለ፣ አፍ ላይ ስለሚቀል ብቻ ሰው እንዳገኘ የሚጥለው። ከየት እንደመጣ፣ ማንን አቁስሎ እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤት የቤት ጽዳት ሥራ ጀመረና ደንበኛ ቢጠፋበት ከአንድ ደላላ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር በዝርዝር ገዛ፤ «እነዚህ ሁሉ ቤታቸውን የሚያጸዳላቸው ሰው የሚፈልጉ ናቸው» ተብሎ። ሲደውል ግማሹ ይዘጋበታል፣ ግማሹ «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ብሎ ይቆጣዋል። ይህን ሲያወራ የሰሙ አንዲት ሴትዮ ኋላ የምትሰሟትን አንዲት አባባል ጣል አድርገውበት ሳቁ። ይሳቁ፤ አባባሏ ራሷ ከዚሁ ዓይነት ንግድ እንደተወለደች ግን አላወቁም። እንግዲህ ስሙት፤ ታሪኩ እንኳን የሚያስደስት አይደለም፣ ግን ብዙ አያቆይም።

ድሮ ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት አንድ አገር እማዋይሽ የምትባል አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ለቅሶ ቤት እየተጠራች ሙሾ የምታወርድ ናት። ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሠራ፣ ለማን እንደራራ በግጥም ትናገራለች፤ ያላለቀሰውን ታስለቅሳለች። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሰው ዘመዱ ሲሞትበት መጀመሪያ ደንግጦ ይደርቃል፤ እንባው የሚፈታው ስም እየጠራ የሚቆሰቁስለት ሲያገኝ ነው። እማዋይሽ ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ስትሠራ ኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ እግዜርም ልጅ አልሰጣትም። መሬቷን የእኩል አራሽ ይዞታል፤ እኩሌታው ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ይመጣል፣ እንዴት እንደሚያንስ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ስለዚህ የምትበላው ከለቅሶ ቤት የሚሰጣትን እህል ነው።

የሙያው ወግ ታዲያ ጥብቅ ነበር። ሰው ሲሞት ከሟቹ ቤት አንድ ጎልማሳ ይላካል። መልእክተኛው ግቢ አይገባም፣ አይቀመጥም፣ ውሃም አይጠጣም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ አልቃሿን በስሟ ይጠራታል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትከተለዋለች። ያልተጠራች አልቃሽ እንደ ማንኛውም ሰው ሄዳ ብታለቅስ የሚከለክላት የለም፤ ሙሾ ግን አታወርድም። ሳይጠሯት የምትመጣ አልቃሽ ሞትን ፈልጋ የምትዞር ትመስላለችና ሰው ይሸሻታል።

እንግዲህ ድምፅም እንደ ጉልበት ነው፤ ያልቃል። የእማዋይሽ ድምፅ መሰንጠቅ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከወንዝ ማዶ ፈንታነሽ የምትባል ወጣት አልቃሽ ተነሣች። ግጥሟ ይህን ያህል አልነበረም፤ ድምፅዋ ግን ሦስት ጎጥ ይሰማል። ማን ግጥም ያዳምጣል? ሰው ሁሉ ወደ ፈንታነሽ ዞረ። በእማዋይሽ አጥር ሥር ቆሞ የሚጣራ ጠፋ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች፣ ትወጣለች፣ ሰው የለም፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነች። ሠላሳ ዓመት ካለቀሰችው ለቅሶ ይልቅ ይህ መነሣትና መቀመጥ አደከማት። ረሀቡን ፈራች። ከረሀቡም በላይ ግን «እማዋይሽ እኮ ድሮ ጎበዝ አልቃሽ ነበረች» መባሉን ፈራች።

በዚህ መሀል ነው አግደው የመጣው። አግደው ጨው፣ መርፌና ኩል እያዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የማይገባበት ጓዳ የለም። ሸክሙን ከደጃፏ አራግፎ ውሃ ጠጣና አያት።

«እቴ እማዋይሽ፣ ምነው ፊትሽ ጠወለገ?» አላት።

«ሥራ ፈትቼ ነዋ። ሰው መሞት ትቷል መሰለኝ።»

«ሰውማ ይሞታል። አንቺን የሚጠራ ነው የጠፋው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እውነቱን ነው።

«እኔ በየቤቱ እገባለሁ» አለ አግደው። «ማን እንደታመመ፣ ማንን እህል እንዳስጠላው፣ ማን የንስሐ አባቱን እንዳስጠራ ከኔ አይሰወርም። ስሙን ልንገርሽና ቀድመሽ ድረሺ። ነፍሱ ስትወጣ አንቺ ደጃፉ ላይ ከተገኘሽ ወንዝ ተሻግሮ ፈንታነሽን ሊጠራ የሚሄድ ማን ነው?»

«ሳትጠራ የሄደች አልቃሽ ነውረኛ ናት፣ አግደው።»

«ነውሩስ ባዶ ጎታ ነው፣ እቴ።»

አነጋገሩ ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን የራበው ሰው ክርክር ላይ አይበረታም። «ምን ትፈልጋለህ?» አለችው።

«ለአንድ ስም አንድ ዶሮ።»

ሰጠችው። እሱም «አምባው ሥር ያሉት እማማ ጠጂቱ እህል ከቀመሱ ሦስት ቀናቸው ነው» አላት።

በማግስቱ ሕመምተኛ ጠያቂ መስላ ሄደች። እማማ ጠጂቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ በዚያው ላይ ምራታቸውን ይቆጣሉ። እማዋይሽን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ስታመም ከወለድኳቸው አንድ እንኳ ብቅ ያለ የለም፤ አንቺ ባዳዋ መጣሽልኝ። እግዜር ያክብርሽ ልጄ» አሏት። እንጀራ በምስር አቀረቡላት። እማዋይሽም በላች። ሞታቸውን ልትጠብቅ ሄዳ ምርቃታቸውን ተቀብላ ተመለሰች።

አግደው ሲመጣ ወቀሰችው። እሱ ግን አልደነገጠም፤ «እኔ ስሄድማ ሊሞቱ ነበር፤ ዳኑ፤ ምን ላድርግ? የዚህ ሸቀጥ ባለቤት እግዜር ነው» አላት። ከዚያም ሌላ ስም፣ ሌላ ዶሮ።

ሁለተኛው ሰው በእርግጥ ሞተ። እማዋይሽ ጩኸቱን ከሩቅ ስትሰማ ልቧ ዘለለ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ደረሰች። ከግቢው ስትገባ ግን ፈንታነሽ አንድ ጎን ቆማ ሙሾ ታወርዳለች፤ በሌላው ጎን ደግሞ አንዲት ከቆላ የመጣች አልቃሽ ደረቷን ትደቃለች። ሦስት አልቃሽ፣ ሦስት ግጥም፣ አንድ ሬሳ። ለቀስተኛው ለማን እንደሚያለቅስ ግራ ገባው። የሟቹ ወንድም እየዞረ «እነዚህን ሁሉ ማን ጠራቸው?» ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁና ጤፍ ለሦስት አካፍለው አሰናበቷቸው።

መንገድ ላይ እማዋይሽና ፈንታነሽ ሳይወዱ አብረው ሄዱ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ፈንታነሽ «አንቺም ከአግደው ነው?» አለች።

«ከአግደው። በዶሮ።»

«ዕድለኛ ነሽ። እኔን ጠቦት አስከፍሎኛል» አለች ፈንታነሽ። «ሰው እኔን የሚጠራኝ ይመስልሻል አይደል? ድሮ ቀረ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ በእግሬ እየዞርኩ ነው።» ወንዙ ጋ ሲደርሱ ተለያዩ። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። ግን ሰው በከሰረበት ነገር ላይ ነው «አንዴ ልድገመው» የሚለው። ጥር ሲገባ አግደው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ይህን ስም ለማንም አልሸጥኩትም፤ ላንቺ ብቻ ነው» አላት። «ባላምባራስ ጓንጉል። ትናንት ቤታቸው ነበርኩ። አልጋ ላይ ናቸው፤ የንስሐ አባታቸው ከራስጌያቸው ተቀምጠዋል። ግቢው ውስጥ ዳስ እየተጣለ ነው። ሁለት ሰንጋ ታስሯል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ?»

ባላምባራስ ጓንጉል ትልቅ ሰው ናቸው። እማዋይሽ በደህናው ዘመን እናታቸውንም ሚስታቸውንም አልቅሳላቸዋለች። እንዲህ ባለ ሰው ለቅሶ ላይ አገር ሁሉ ይሰበሰባል፤ እዚያ ሙሾ ያወረደች አልቃሽ ስሟ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና አጥሯ ሥር ይጠሯታል። ይህን አሰበች። የነበራትም ይኸው ሐሳብ ብቻ ነበር።

«ስንት ነው?» አለች።

«በጊቱን» አለ፣ ደጃፉ ላይ የታሰረችውን አይቶ።

ሌላ በግ አልነበራትም። ገመዷን ፈትታ ሰጠችው። ስትሄድ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መንገዱ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ አብዛኛው ዳገት። ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ሦስተኛው መቀመጫዋ ላይ ግን ግጥሙ መጣላት፤ ያለ ምጥ፣ ሁለት ስንኝ ሙሉ። ለዓመታት እንዲህ ያለ ግጥም መጥቶላት አያውቅም። ደስ አላት። ሰው ሞተልኝ ብላ ደስ ሲላት ራሷን ታዘበች፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ከባላምባራስ ግቢ ስትደርስ ዳሱ ቆሟል። ወንዶቹ ቋሚና ማገር ተሸክመው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንድም ቃል አይተነፍሱም። ከጓሮ በኩል ሴቶቹ ተደርድረው እንባቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋሉ። በቃ፣ አለቀ፣ አለች በልቧ። እንግዲህ እናንተ እወቁት፤ ወንዶቹ ዝም ያሉት ባላምባራስ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ገና አሁን ሸለብ ስላደረጋቸው ነው። ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ዳሱም የልጅ ልጃቸው የሰርግ ዳስ ነው፤ ባላምባራስ «ዓይኔ ሳይከደን ልያት» ብለው ሰርጉን ለሚቀጥለው እሑድ አስቀድመውታል። አግደው ዳሱን አየ እንጂ የምን ዳስ እንደሆነ አልጠየቀም። እማዋይሽም አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ግን ስትጠይቅ ፈንታነሽ ብትቀድማትስ? የገዙት ስም እንዲህ ነው፤ ያቻኩላል።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን አልፋ ገባች። ከዳሱ መሀል ቆመች። ደረቷን መታችና ለቀቀችው፦

ጓንጉል ጓንጉል ሲሉት ወጥቶ የሚመልስ፣
ዛሬ ማን ይውጣልኝ ደጁ ላይ ብደርስ።

ያን ቀን ድምፅዋ አልተሰነጠቀም። ይህን የነበሩ ሁሉ መስክረዋል። ወንዶቹ የተሸከሙትን ጣሉ። ከጓሮ ያሉት ሴቶች፣ ባላምባራስ እነሱ ሽንኩርት ሲከትፉ ውስጥ ያረፉ መሰላቸውና ቢላዋቸውን ወርውረው «ወይኔ አባቴ» እያሉ መጡ። የንስሐ አባትየው ሳይቀሩ ከዛፍ ጥላ ሥር እያማተቡ ተነሡ። በአንድ ጊዜ ግቢው በሙሉ ለቅሶ ሆነ። እማዋይሽ ሁለተኛውን ዙር ልትጀምር ቀና ስትል የቤቱ በር ላይ ጋቢ የለበሱ፣ የከሱ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አየች።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ ባላምባራስ ጓንጉል።

ለቅሶው ቁርጥ አለ። እየተንከባለለች ታለቅስ የነበረችውን የሽማግሌውን ሴት ልጅ ከመሬት አነሷት። እማዋይሽ ምድር ብትውጣት በወደደች።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ በዚያን ቀን ከወንድ ወገን ሽማግሌዎች የሰርጉን ነገር ሊጨርሱ መጥተው ነበር። መሪያቸው አያ ብዙነህ የሚባሉ፣ በነገር የማይታለፉ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ተናገሩ።

«በሰርግ ዳስ ውስጥ ሙሾ ወረደ። ሙሽራዋ ሳትወጣ ለቅሶ ተለቀሰባት። ይህ ሟርት ነው። ይህችን ሴት አንድ ጠላት ከፍሎ ልኳታል። ማን እንደላካት እስኪታወቅ ልጃችንን ከዚህ ቤት አናጋባም።»

ሙሽራዋ ከውስጥ ሆና ይህን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። የባላምባራስ ልጅ ወንድይፍራው አለንጋውን ከግድግዳ አውርዶ መጣ። «ተናገሪ፣ ማን ላከሽ? በዚሁ አለንጋ ነው የማወጣጣሽ» አላት። እማዋይሽ አለንጋውን አየችው። የሚገርመው አልፈራችውም፤ ድካሙ ከፍርሃቱ በለጠባት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተዋት ወንድይፍራው» አሉ ባላምባራስ። በረንዳው ላይ ዱካ አምጡልኝ ብለው ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ፣ እማዋይሽ አይደለሽም? እናቴን ያለቀስሽልኝ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ያን ጊዜ ማን ነበር የጠራሽ?»

«እርስዎ ነዎት። በቅሎ ሳይቀር ልከውልኛል።»

«ዛሬስ ማን ጠራሽ?»

ራሷን ዝቅ አደረገች። «ማንም።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጌታዬ። አግደው የሚባል ነጋዴ ስምዎን ሸጠልኝ።»

«ስሜን?»

«ስምዎን። ታመዋል ብሎ። በአንድ በግ።»

ባላምባራስ አሰብ አደረጉ። «ታምሜ ዋጋዬ ወርዷል ማለት ነው» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ከእሳቸው በቀር የሳቀ የለም።

ያን ጊዜ እማዋይሽ ሳይጠይቋት ተናገረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አጥሬ ሥር ቆሞ የጠራኝ የለም፣ ጌታዬ። ሰው መጥቶ ይሆን፣ ጠርተውኝ ይሆን እያልኩ ስወጣ ስገባ ደከመኝ። ክፋት የለብኝም። እርስዎን ባለቅስልዎት እንደገና ይጠሩኛል ብዬ ነው። ግጥሙም እውነተኛ ነበር፤ ከልቤ ነው የመጣልኝ።»

«ግጥሙማ ጥሩ ነው» አሉ ባላምባራስ፣ ቀስ ብለው። «ሰምቼዋለሁ።»

አያ ብዙነህ ግን ግጥም ለመስማት አልመጡም። «ባላምባራስ፣ እኛ ፍርድ እንፈልጋለን» አሉ። «ተልካ ከሆነ ሰርጉ ቀርቷል፤ እሷም ከላኪዋ ጋር ትጠየቃለች። አልተላከችም የሚሉ ከሆነ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይበሉልን፤ ምን እንደሆነች ስሙን ይስጡልን።»

ባላምባራስ እማዋይሽን አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ስታነብ የኖረች ሴት ናት፤ የሚመጣውን ነገር ከመነገሩ በፊት አወቀችው። አልተላከችም ካሉ ከአለንጋው ትድናለች፣ ሙሽራይቱም ትዳራለች። ግን ከዚያ ወዲያ አልቃሽ አትባልም፤ ማንም ሳይጠራት የመጣች ሴት መሆኗ በሽማግሌ አፍ ይጸናባታል። ራሷን ነቀነቀች፤ ይበሉት እንደማለት።

የሆነውም እንደዚያው ነው። እሑድ ሰርጉ ተሠረገ፤ ደመቀም ይባላል። እማዋይሽ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች፤ ለሰው ጥጥ እየፈተለች። አንድ ሰው እንኳ አጥሯ ሥር መጥቶ በስሟ አልጠራትም። ባላምባራስ በዚያው ክረምት አረፉ፤ የተጠራችው ፈንታነሽ ናት። ጩኸቱ በነፋስ እስከ እማዋይሽ ደጅ መጥቶ ነበር፤ ሰምታው እንዝርቷን ማሾሯን ቀጠለች። አግደውም ሸቀጡን ይዞ ሌላ አገር ሄደ፤ እዚያ ደግሞ ለማን የማንን ስም እንደሸጠ አልተሰማም። ያ ሁሉ የተቆረጠው ግን በዚያች ቅጽበት ነው፤ ባላምባራስ ጓንጉል ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከእማዋይሽ ላይ ሳያነሡ፣ «አያ ብዙነህ፣ ሴትዮዋ ሟርተኛም አይደለችም፣ የጠላት መልእክተኛም አይደለችም፤ የሷ ነገር፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው» ሲሉ።